ጭራሮውን የወሰድነው እኛው ነን

ወገኖቼ፣ ስለተራቆተው የተዳፋቱ ደን ዛፍ ቆራጩን እንድወቅስላችሁ ከጠበቃችሁ ተሳስታችኋል። ወቀሳው የእኛን በር ነው የሚያንኳኳው።

ተዳፋቱ ከመቆረጡ በፊት ባለድርሻ የተባለ ሁሉ ተጠርቶ “ምን ትመርጣላችሁ?” ተብሎ ነበር። ባለመሬቱ የጸዳ መሬት፣ ማገዶ ገዢው ፋብሪካ አፈር ያልነካው ደረቅ እንጨት፣ ንብ አናቢው ባለ ቀዳዳ አሮጌ ዛፍ፣ ከታች ያለው ሰው ጥርት ያለ ውኃ ፈለገ። ብዙ ተጨቃጨቅን፤ ኋላ ግን ተስማማን። ግንዱ ይሂድ፣ ከቅርንጫፉና ከጭራሮው ሲሶው ተበትኖ ይቅር፣ ጉቶ አይነቀል፣ ከጅረቱ ግራና ቀኝ ማሽን አይግባ ተባለ። ሁላችንም እጅ አወጣን።

ቆራጩ ቃሉን ጠበቀ። የሚያንገበግበውም ይኸው ነው። በደረቅ ወራት ገባ። አፈርን ከሁሉ በላይ የሚጠቀጥቀው የመጀመሪያው ምልልስ መሆኑን ስለሚያውቅ ማሽኑን በአንድ መንገድ ብቻ አመላለሰ፤ መንገዱንም ቅርንጫፍ አነጠፈበት። ከአምስት ዛፍ የአንዱን ጫፍ ከነቅርንጫፉ ተወው፤ ሲቆረጥና ሲጎተት ተሰባብሮ ከሚቀረው ጋር ወደ ሲሶው ይጠጋል። (እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የአሜሪካዋ ሚኒሶታ መመሪያ ስሌትም ይህንኑ ይመስላል፤ ፊንላንዶች 30 በመቶው ይቅር ይላሉ።) የሚወሰደውንም ቅርንጫፍ ቅጠሉ እዚያው እስኪረግፍ ድረስ አቆየው። እርጥብ እንጨት የክብደቱ ግማሽ ያህል ውኃ ነው፤ ያን መጫን ውኃ በመኪና ማጓጓዝ ነው። ፈጭተው ከነእርጥበቱ በትልቁ ከከመሩት ደግሞ ከውስጥ ግሎ ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ይችላል።

እሱ ሲወጣ እኛ ገባን።

መጀመሪያ የተበተነው ጭራሮ ሄደ። ቀጥሎ በማሽኑ መንገድ ላይ የተነጠፈው ተነሣ፤ “እዚህ ከሚበሰብስ” ተባለ። ቅጠሉ ተጠርጎ በጆንያ ታጨቀ። በመጨረሻ ጉቶው በዶማ ተነቀለ፣ የጅረቱ ዳር ሳይቀር። ባለመሬቱ መጥቶ አየና “አሁን ጸዳ” አለ።

ጸዳ! ዛፍ ከአፈር የሚወስደውን ናይትሮጂን፣ ፎስፈረስና ካልሲየም በግንዱ እምብርት ብቻ አያከማችም፤ ቅጠሉ፣ ጭራሮውና ቅርፊቱ ከክብደታቸው አንጻር እጅግ የበለጠውን ይይዛሉ። ግንዱን የወሰደ ከመሬቱ ጥቂት ወሰደ፤ ጭራሮውን የጠረገ ግን የመጪውን ዛፍ ምግብ ጠረገ። ጉቶው ደግሞ አፈሩን በሥሩ ጨብጦ ነበር። ዛፉ የሚያቆጠቁጥ ዓይነት ነውና መጪው ዛፍም ራሱ ጉቶው ነበር፤ ዝቅ ተደርጎ፣ ውኃ እንዳያቁር ዘመም ብሎ፣ ቅርፊቱ ሳይላጥ የተቆረጠው ለዚሁ ነው። ዝናቡ ሲመጣ የማሽኑ መንገድ ቦይ ሆነ፤ የታቹ ሰውም ደለል ቀዳ።

ማንን እንክሰስ? ጉቶ የመነቀል ድምፅ ሩቅ ይሰማል፤ ሰምተን ተኝተናል። ስብሰባው ላይ ጭራሮ የምትለቅም ሴት “የእኔስ ድርሻ የቱ ጋ ነው?” ብላ ነበር፤ የመለሰላት የለም። ሲሶው ለአፈሩ፣ የቀረው ለፋብሪካው ሲባል ለእሷ ምድጃ የታሰበ አልነበረም። እጇን ያወጣችው እኛ ስላወጣን ነው። ቁጣው እሷ ዘንድ ሲደርስ ጉልበት ያጣል። በጋሪ እየጫኑ የቸረቸሩት ዘንድ ግን አያጣም፤ ዝም ባልነው ዘንድም።

ማዶ ያለው ክፍል በሚመጣው በጋ ይቆረጣል፤ እንደገና እንጠራለን። እጅ ማውጣት ሰልችቶን ይሆናል፤ ቢሆንም እንሂድ። የሚቀሩት ዛፎች መጋዝ ከመግባቱ በፊት በቀለም ምልክት ይደረግባቸው። ለለቃሚዎች ከፋብሪካው ድርሻ ላይ ተቀንሶ የእጅ አንጓ የሚያህለው ቅርንጫፍ መንገድ ዳር ይከመርላቸው። ጠባቂም የሚያስፈልገው ቆራጩ ከሄደ በኋላ ነው፤ ባለፈው የነበረው ቆራጩን ሲጠብቅ ከርሞ አብሮት ወጣ።

ከተዳፋቱ አናት ዶማ ያልደረሰባቸው ጥቂት ጉቶዎች አቆጥቁጠዋል። ፍየል ካልደረሰባቸው፣ ጠንከር ሲሉም ከየጉቶው ሁለት ሦስት ጠንካራ ቡቃያ ተትቶ ሌላው ከተነሣላቸው፣ ዛፍ ይሆናሉ።