አገጫችሁን ኮሮና አይንካው

በ2013 የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ብዙዎችን አስደስቷል። ፋሲል ከነማ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋንጫውን ጎንደር አስገባ። የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ። ያለ ምስጋና የቀረው የዲኤስቲቪ ቤት ተመልካች ብቻ ነው፤ ግፍ ነው።

የ2012ቱ ሊግ በኮሮና ምክንያት ያለ ሻምፒዮን፣ ያለ ወራጅ ተሰርዟል። የ2013ቱ ግን በጥንቃቄ ነው የተጀመረው። 13ቱ ክለቦች በየሜዳቸው መመላለሱን ትተው አንድ ከተማ ላይ ከተሙ፤ አዲስ አበባ ሲበቃቸው ጅማ፣ ከዚያ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ተጫዋቹ ይመረመራል። የአዲስ አበባ ስታዲየም፣ ያ ከጥላ ፎቅ በቀር ጣሪያ የማያውቀው፣ ነፋስ እንደልቡ የሚወጣ የሚገባበት ስታዲየም፣ ለደጋፊ ተዘጋ። ደግነቱ ሊጉ ለመጀመሪያ ጊዜ በዲኤስቲቪ መታየት የጀመረው በዚያው ዓመት ነው።

ሕዝባችን ሕግ አክባሪ ነውና ስታዲየም ዝር አላለም። የስታዲየሙ የደጋፊ መቀመጫዎች፣ ካታንጋና ሚስማር ተራ፣ እንዳሉ ተነቅለው አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ገቡ። መስኮቷ ብርሃን እንዳያስገባ በጥቁር ፕላስቲክ ተከድኗል፤ አየርም አብሮ ቢከለከል ምን ይደረግ! አግዳሚው ላይ ለአራት ሰው የተሠራ ቦታ ሰባት ይይዛል። መተሳሰብ ይሏል ይሄ ነው።

በሩ ላይ «ያለ ማስክ መግባት ክልክል ነው» የሚል ተለጥፏል። በረኛው ቀልድ አያውቅም። ስለዚህ አንዱ ማስኩን አጥልቆ ይገባል፣ ቦታ ይይዝና በቆርቆሮው ክፍተት አሹልኮ ውጭ ለቆመው ጓደኛው ያቀብላል፤ እሱም ገብቶ ለሚቀጥለው። አንዲት ማስክ ስንቱን አስገብታ የመጨረሻው ሰው አገጭ ላይ ታርፋለች። በዚያ ዘመን ከሰውነታችን ክፍል ሁሉ እንደ አገጭ የተጠበቀ አልነበረም። አፍና አፍንጫማ ሥራ አለባቸው፤ አንዱ ዳኛ ይሰድባል፣ ሌላው ይተነፍሳል።

ሰላምታችንም ሥርዓት ነበረው። በር ላይ በክርን እንነካካለን። ጎል እስኪገባ ድረስ።

አንድ ቀን ሜዳ ላይ ተጫዋቾች ጎል አግብተው ሲተቃቀፉ ያየ ሰውዬ፣ «እነዚህ ልጆች ምን ነካቸው? ኮሮና አለ እኮ!» ብሎ ከልቡ ተቆጣ። ይህን ሲናገር የተቀመጠው ስሙን በማያውቀው ሰው ጭን ላይ ነበር።

ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ያቺው ክፍል እንግሊዝ ትሆናለች። መጋቢት 4 ቀን 2012 እንግሊዞች ሊጋቸውን ሲያቋርጡ፣ በዚያው ዕለት እኛ አገር የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። የትኛው ዜና ይበልጥ እንዳስደነገጠን ባልናገር ይሻላል። ሊጉ ሲመለስ ምስኪኖቹ ባዶ ወንበር እያሳዩ የተቀዳ የደጋፊ ጩኸት ይለቁ ነበር። የእኛ ጩኸት ቅጂ አልነበረም፤ ከነምራቁ ትኩስ ነው።

እረፍት ላይ ኦቾሎኒው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ አንዱም ከስልኩ የጤና ሚኒስቴርን የዕለት ቁጥር ያነባል። ቁጥሩ ከትናንት ከቀነሰ «አላልኳችሁም? ጠፍቷል!» ይባላል። ከጨመረ ደግሞ «ድሮም ውሸት ነው።» በሁለቱም ውጤት የምናሸንፈው እኛ ነን፤ እንዲህ ያለ ትኬት ውርርድ ቤትም አይቆርጥም።