ምስጋና ለዓይን ሚዛኖቻችን

የጤና ባለሙያ አንዲትን ሴት ቀጭን ናት ወይስ ወፍራም ለማለት ስንት ጣጣ አለበት! ጫማ ታወልቃለች። ሚዛን ላይ ትወጣለች። ግድግዳ ተደግፋ ቁመቷ ይለካል። ከዚያ ኪሎዋ ለቁመቷ ስኩዌር ይካፈላል። ውጤቱ ከ18.5 በታች ከሆነ ቀጭን፣ 25 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ክብደቷ ከመጠን አልፏል ይባላል። ቀመሩን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያወጣው ቤልጂየማዊው አዶልፍ ኬትሌ ሐኪም እንኳ አልነበረም። የሥነ ፈለክና የስታትስቲክስ ሰው ነበር። የብዙ ሰዎችን አማካይ ሊያጠና ያወጣውን ነው በኋላ ለእያንዳንዱ ሰው ያዋሉት። ምስኪን! እኛ ሰፈር ቢወለድ ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም በቀረለት።

እኛ ጋ ሚዛን የለ፣ ሜትር የለ፣ ካርድ ማውጣት የለ። የካምፓስ ልጅ ለሴሚስተር እረፍት ሻንጣዋን እየጎተተች ከታክሲ ስትወርድ፣ ሁለተኛው እግሯ መሬት ሳይነካ ውጤቷ ይነገራታል። «ውይ! ምነው እንዲህ ከሳሽ?» አለቀ። ይህን አገልግሎት በነጻ ለምትሰጡ አክስቶች፣ ጎረቤቶች፣ ጋሼዎችና ባለሱቆች እስከ ዛሬ አንድ ሰው እንኳ ተነሥቶ እግዜር ይስጥልኝ አለማለቱ ይገርማል። ዛሬ እኔ ልበላችሁ።

ፍጥነታችሁ ብቻውን ሽልማት ያስገባል። የአገራችን ሰላምታ ረጅም ነው እያሉ የሚያሙን አሉ። እናንተ አሳጥራችሁታል። ደህና ነሽ ወይ ብሎ ጠይቆ መልስ ከመጠበቅ፣ ደህና አለመሆኗን ቀድሞ መንገር ጊዜ ይቆጥባል።

ውጤታችሁ ደግሞ ስንት ዓይነት ነው! ከአስፋልቱ እስከ ቤቷ መቶ ሜትር ቢሆን ነው። ባለሱቁ ጋሼ ከመስኮታቸው ብቅ ብለው «ተመችቶሻል! ለካ ካምፓስም ያበላል» ይሏታል። ትንሽ ራመድ እንዳለች ጎረቤቷ እትዬ አገጫቸውን ይዘው «አጥንትሽ ወጣ እኮ የኔ ልጅ፣ ምን ነካሽ?» ይሏታል። በሩ ላይ የምትጠብቃት አክስቷ ሁለቱንም ታስታርቃለች። «ከላይ ከስተሻል፤ ከታች ግን...» አረፍተ ነገሩን በአፏ አትጨርሰውም፤ በእጇ ነው የምትጨርሰው። አንድ ልጅ፣ አንድ ቀን፣ ሦስት ውጤት። ሆስፒታል ቢሆን «ማሽኑ ተበላሽቷል» ብለው ይዘጉት ነበር። እዚህ ግን ማሽኑ ምንም አልሆነም። የተበላሸችው ልጅቷ ናት።

ወንድሟም ከዚያው ግቢ ነው የመጣው። ቦርጭ ይዞ መጥቷል። «ሰው ሆነ! ጎረመሰ!» ተባለለት። ከስቶ ቢመጣም ኖሮ «ጥናቱ ነው፣ ጎበዝ ልጅ» ይባልለት ነበር። እሷ ስትከሳ ድምፅ ዝቅ ይላል፤ «ምን ይዛ ይሆን?» ነው ነገሩ። ስትወፍር ደግሞ ዓይን ሁሉ ሆዷ ላይ ያርፍና ወር መቁጠር ይጀመራል። ያለ አልትራሳውንድ! ብዙ ጤና ጣቢያ የሌለውን መሣሪያ ይዛችሁ ሰፈር ውስጥ መቀመጣችሁ የአገር ሀብት ብክነት ነው።

ድፍረታችሁንም ሳላደንቅ አላልፍም። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ቦርጩ እሱን ቀድሞ ስብሰባ ይገባል። «ጋሼ፣ ወፍረዋል» ያለው አለ? የለም። ለእሱ «ፊታቸው ወዛ» ነው የሚባለው። ድፍረታችሁን ቆጥባችሁ፣ ቆጥባችሁ ለ19 ዓመት ልጅ ነው ያወጣችሁት። ለነገሩ ብልህነት ነው። እሷ አትቆጣም። ሳቅ ትላለች፤ «አይ፣ ፈተና ነበረብን» ትላለች። ማታ መስታወት ፊት ቆማ ሸሚዟን ወደ ኋላ ሰብስባ ይዛ ጎኗን ስትመረምር እናንተ አታዩአትም። የእናንተ ሥራ እስከ በሩ ድረስ ነው።

«ኧረ በፍቅር ነው፣ አስበንላት ነው» እንደምትሉ አውቃለሁ። አምናለሁም። ረሃብን በሚያውቅ አገር የሰው ሥጋ መጨመር ደስ ማሰኘቱን አልክድም። ያ ደስታ «ቦርጭ አወጣሽ» ብሎ የሰው ልጅን ሆድ በጣት እስከ መውጋት እንዴት እንደደረሰ ግን የታሪክ ሰዎች ያጥኑት።

ግቢ ውስጥም ቅርንጫፍ አላችሁ። ከላይብረሪው ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ የተሰየመውን የወንዶች ኮሚቴ ማለቴ ነው። ልጆቹ ነገ ሚድ ፈተና አለባቸው። ግን ጥናታቸውን ትተው ለምታልፈው ሁሉ ውጤት ይሰጣሉ። ስምም ያወጣሉ። አንዷ «ስቴኪኒ»፣ አንዷ «ሲኖትራክ»። የራሳቸው ውጤት ሲለጠፍ ቦርዱ ጋ የማይደርሱ ልጆች ለሌላው እንዲህ መድከማቸው ልብ ይነካል። ፍሬሽ ሴቶች እነሱን ላለማለፍ በጀርባ በር ዞረው ነው ዶርም የሚገቡት። ያ ሁሉ እርምጃ ለጤናቸው ነው፤ ይቆጠርላችሁ።

ለንግዱ ያደረጋችሁትንስ ማን ይረሳል? «ከሳሽ» የተባለችው ልጅ ማወፈሪያ ፍለጋ ትሄዳለች። ለአለርጂ የሚታዘዘውን ሳይፕሮሄፕታዲን ያለ ሐኪም ትገዛለች። ምግብ ያስወድዳል፤ እንቅልፍም ያስይዛል፤ ስለዚህ ክላስ ውስጥ በልታ ትተኛለች። ዴክሳሜታዞን የሚያቀብላትም አይጠፋም። እሱ ፊቷን ይነፋዋል፤ ሲቆይ አጥንት ያሳሳል፤ ስኳርም ይጨምራል። ጎረቤት ግን ፊቷን አይቶ «አማረብሽ» ይላል። «ወፈርሽ» የተባለችው ደግሞ የቦርጭ ማጥፊያ ሻይ ትገዛለች። ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ያው የምናውቀው ሰናመኪ ነው። ሽንት ቤት ያመላልሳታል፤ ውሃዋ ይወጣል፤ ሚዛኑ ትንሽ ይቀንሳል፤ ውሃ ስትጠጣ ይመለሳል። ከዚያ ሌላ ፓኬት ትገዛለች። እናንተ ባትኖሩ ይህ ሁሉ ነጋዴ ምን ይበላ ነበር?

ቲክቶክም ሥራችሁን ተቀብሎ አስፋፍቶላችኋል። «በቀን 1,200 ካሎሪ ይበቃሻል» የሚል የ22 ዓመት አሠልጣኝ ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ያህል ምግባቸው በግማሽ ገደማ ተቀንሶ ተጠንተው ነበር። ይበሉ የነበረው በቀን 1,600 ካሎሪ አካባቢ ነው። በዚያው በረዳቸው፣ ተነጫነጩ፣ ተደበሩ። ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነና የምግብ አሠራር መጽሐፍ ሲያገላብጡ ይውሉ ጀመር። የእኛዋ ልጅ ከዚያ ባነሰ ምግብ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ እንድታልፍ ነው የሚጠበቀው። ራቷን ዳቦ በሻይ ታደርጋለች፣ ጠዋት ባዶ ሆዷን ሎሚ በሙቅ ውሃ ትጠጣለች፤ ከሁለት ወር በኋላ «ጨጓራዬን» እያለች ክሊኒክ ወረፋ ትይዛለች።

መንግሥት በ2017 ዓ.ም. የአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ አድርጓል። 100 ብር ለቁርስ፣ ለምሳና ለራት። የጤፉን ዋጋ ታውቁታላችሁ፤ ሒሳቡን ለእናንተ ትቻለሁ። ሁሉም ነገር ሲወደድ ዋጋው ያልተነካ አንድ አገልግሎት ቢኖር የእናንተው ነው።

አሁን ስለ ትሕትናችሁ። ከዓይናችሁ በላይ የሆነውን ነገር አትነኩም። የ2016 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 24 በመቶው ደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ቀጭን የሆኑት 22 በመቶ፣ ክብደታቸው ከመጠን ያለፈው 8 በመቶ ነበሩ። ደም ማነስ ወፍራምም ቀጭንም ላይ ይቀመጣል፤ ከታክሲ ስትወርድ አይታይም። ስለዚህ አይመለከታችሁም። ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታል ወይ? ስታጠና ዓይኗ ይጨልማል ወይ? የወር አበባዋ በሰዓቱ ይመጣል ወይ? ብዙ የማትበላ ልጅ የወር አበባዋ ሊቋረጥ ይችላል፤ ሰውነት ችግር ሲገባው ከሚቆጥባቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ግን ይህን መጠየቅ ነውር ነው። ሰው በተሰበሰበበት ዳሌዋን መለካት ነው ጨዋነቱ።

ደም የሚሠራበትን አይረን የሚባለውን ማዕድን በእሷ ዕድሜ ያለች ሴት ከወንዱ ከእጥፍ በላይ ትፈልገዋለች፤ በቀን 18 ሚሊ ግራም ለእሷ፣ 8 ለእሱ። እናንተ ግን ምን ታደርጋላችሁ? «ካምፓስ ጎዳት» ብላችሁ ምስሩንና ጎመኑን በግድ ታጎርሷታላችሁ፤ ገና ሳትውጠው ቡናው ይቀርባል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ቡናም ሻይም ከምግብ ጋር ሲጠጣ ያንን አይረን ሰውነት እንዳይወስደው ያግዳል። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ቢፈላ ምን ነበረበት? ግን እንግዳ ሳይጠጣ ሊሄድ ነው! ሎሚ የተጨመቀበት ሰላጣ ብታቀርቡላት ይረዳት ነበር። እሱ ለቦርጭ ማጥፊያ ተፈልጓል።

ውጭ አገር ያላችሁትም በርቀት መሥራት የጀመራችሁት ማንም ሳይጀምረው ነው። ከሜሪላንድ የምትደውለው አክስት ቪዲዮው ገና እየጠራ ሳለ «ፊትሽን ወደ ብርሃኑ አዙሪው እስቲ» ትላለች። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ምስሉ ይንቀረፈፋል፤ ውጤቱ ግን ጥርት ብሎ ይደርሳል። «ወፍረሻል ወይስ ካሜራው ነው?» አቤት ጥንቃቄ! ለካሜራው የጥርጣሬ ዕድል ተሰጠው።

ባለፈው ግን አንዷ የጂሲ (ተመራቂ) ተማሪ አገልግሎቱን አልፈልግም አለች። አራት ዓመት ሙሉ ስትመዘን የኖረች ልጅ ናት። ጎረቤታቸው እትዬ በሩ ላይ አቅፈው ስመዋት፣ ገፋ አድርገው ከላይ እስከ ታች አይተው «አቤት! ድንች መስለሻል» አሏት። ልጅቷ እሳቸውንም ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። በትሕትና፣ ነጠላዋን አስተካክላ «እትዬ፣ እርስዎም ከባለፈው በዕድሜ በጣም ገፍተዋል» አለቻቸው።

ሰፈሩ ጸጥ አለ። እናቷ በድንጋጤ አፏን ያዘች። «ካምፓስ ባለጌ አደረጋት!» ተባለ። ሽማግሌ ተላከ፤ ይቅርታ ተጠየቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤት ለቤት የሚወራው ስለ አስተዳደጓ ብቻ ነው። ኪሎዋን ያነሣ የለም።