እርማት፦ «ጉማሬ ሣር በሊታ ስለሆነ ሰው አይነካም»

«ጉማሬ የሚበላው ሣር ነው፤ ሰውን ምን ያደርገዋል?» ያልከው ላይ እርማት አለን፣ ወንድማችን። ሣር በሊታነቱ እውነት ነው። ሰውን የሚያጠቃው ግን ሊበላው ሳይሆን መንገዱ ሲዘጋበት ነው። ማታ ከውሃ ወጥቶ ይግጣል፣ ንጋት ላይ ይመለሳል። ያን ጊዜ በእሱና በሐዋሳ ሐይቅ መካከል የተገኘ ሰው መሸሻውን ዘጋበት ማለት ነው። ግልገል ያላት ደግሞ የባሰች ናት።

ስለዚህ በጥቁር ውሃ (ወደ ሐይቁ በሚገባው ወንዝ) በኩል ዳር ዳሩን የምትሄዱ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ረጅም ሣር ውስጥ አትግቡ። ሣሩ ተደፍጥጦ ወደ ውሃ የሚወርድ ሰፊ ዱካና የተበተነ ፋንድያ ካያችሁ መንገዱ የእሱ ነው፤ እዚያ አትቀመጡ፣ ድንኳንም አትትከሉ። የውሃው ጸጥታም ዋስትና አይሆንም፤ 5 ደቂቃ ያህል ጠልቆ ይቆያል። አፉን ሲከፍት «አዛጋ» ብሎ ፎቶ ለማንሳት መጠጋት ልማድ ሆኗል (እንዴት ያለ ድፍረት ነው!)፤ ብዙውን ጊዜ ማስፈራሪያ ነው።

ሲያባርር «እየተጠማዘዙ መሮጥ» የሚለው ምክርም አያዋጣም፤ በአጭር ርቀት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። ወደ ውሃው የሚወስደውን መንገድ ልቀቁለት፤ ከወፍራም ዛፍ ወይም ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ ተከለሉ፣ ላዩ ላይ መውጣት ከቻላችሁ ውጡ።