ማስተካከያ፦ ስለ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነዋሪዎች ገቢና ድህነት

በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት ስለሚገኘው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ነዋሪዎች ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ፣ ከ125 ሺህ ዶላር በላይ የሆነው ዓመታዊ ገቢ የአንድ ሠራተኛ አማካይ ደመወዝ ተደርጎ የቀረበው ትክክል ስላልሆነ እንደሚከተለው ታርሟል። አኃዙ የቤተሰብ መካከለኛ ገቢ ነው፤ ይኸውም ግማሾቹ ቤተሰቦች ከዚያ በላይ፣ ግማሾቹ ከዚያ በታች ያገኛሉ ማለት ነው። ለምሳሌ በካውንቲው ውስጥ ባለችው በሲልቨር ስፕሪንግ አባት ታክሲ እየነዳ፣ እናት አረጋውያንን እየተንከባከበች፣ ለሥራ የደረሰ ልጃቸው ቅዳሜና እሁድ ሱቅ ውስጥ እየሠራ የሚያመጡት ሁሉ ተደምሮ እንደ አንድ ገቢ ይመዘገባል።

ድሆቹ ሥራ የሌላቸው ብቻ እንደሆኑ የሚያስመስለው አንቀጽም መታረም ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ለአራት ሰው ቤተሰብ የተቀመጠው የፌዴራል የድህነት ወለል 31,200 ዶላር ሲሆን፣ ከአላስካና ከሃዋይ በቀር በመላ አገሪቱ አንድ ነበር። ካውንቲው ከጁላይ 2024 ጀምሮ ለትልልቅ ድርጅቶች የደነገገው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 17.15 ዶላር ስለነበር፣ በሳምንት 40 ሰዓት ዓመቱን ሙሉ የሠራ ሰው ከግብር በፊት 35,672 ዶላር ያገኛል፤ ስለዚህ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን በዚሁ ገንዘብ ብቻ ቢያስተዳድር እንኳ ከወለሉ በላይ ይቆጠራል። የአካባቢውን የቤት ኪራይ ለሚያውቅ ግን ይህ ሰው ተረፈው የሚባል አይደለም።

የሥራ አጥነት መጠንም ባለፉት 4 ሳምንታት ሥራ የፈለጉትን የሚመለከት በመሆኑ፣ ተስፋ ቆርጠው ፍለጋውን የተዉት፣ በጽሑፉ ከተገለጸው በተቃራኒ፣ በዚያ ቁጥር ውስጥ አይካተቱም።