ለክቡር አቶ የጥርስ ድንጋይ፤ ከድድ ሥር ባሉበት

ጉዳዩ፦ ቤት እንዲለቁ ስለመጠየቅ

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰነበቱ? የእኛን ጤና እንኳ አይጠይቁን፤ እርስዎ ከተመቸዎት እኛ እንዴት እንደምንሆን ያውቁታል።

ፕላክ ተብለው በሚጠሩበት የልጅነት ዘመንዎ እንዴት ያለ ገር ነበሩ! ጥርስ ላይ የተለጠፉ ስስ የባክቴሪያ ሽፋን፣ ብሩሽ ሲነካዎ ብትንትን የሚሉ። ጥቂት ቀን ችላ ሲባሉ ግን ከምራቅ ካልሲየም ለቃቅመው ድንጋይ ሆነው ቁጭ! ከዚያ ወዲያ ብሩሽ ቢፈትግዎ ንቅንቅ የለም። የቦታ አመራረጥዎንም ሳላደንቅ አላልፍም፦ ከታችኞቹ የፊት ጥርሶች ጀርባ፣ የምራቅ ቱቦ የሚከፈትበት ደጃፍ። ካልሲየሙ ቤትዎ ድረስ ይመጣልዎታል።

ጨዋነትዎስ! አያሳምሙ፣ እንቅልፍ አይነሱ። የሚያሳጣዎት ደም ብቻ ነው፤ እሱንም እኛው እናስተባብልልዎታለን። "ብሩሹ አቆሰለኝ" ብለን የደማውን ቦታ መቦረሽ እንተዋለን። ጤነኛ ድድ በወጉ ሲቦረሽ አይደማም፤ የሚደማው ይበልጥ መጽዳት ያለበት ነው። ግን ማን ይሰማል? እርስዎም በዚህ መሐል ይደላደላሉ። አጫሽ ቤት ከገቡማ ደሙም ይቀርልዎታል፤ ኒኮቲን የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ድዱ ሳይደማ ውስጥ ውስጡን ይጎዳል። ከስኳር በሽታ ጋር ደግሞ ወዳጅነታችሁ የቆየ ነው፦ እሱ ድዱን ለበሽታ ያጋልጥልዎታል፣ የተቆጣው ድድ በተራው ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል።

"ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል" የሚለውን ወሬ የነዛልዎ ሰው ሊሸለም ይገባዋል። ድዱ በእርስዎ ምክንያት ለዓመታት ተቆጥቶ፣ ጥርሱን የያዘው አጥንት መንምኖ፣ እርስዎ ሲነሱ ክፍተቱ ብቅ ይላል። ተወቃሹ ማን ነው? ሐኪሙ!

ስለዚህ ይልቀቁ። ሐኪሙ በሚሊሜትር ምልክት የተደረገባት ቀጭን መለኪያ ይዞ በጥርስና በድድ መካከል ያለውን ጥልቀት ይለካል። እስከ 3 ሚሊሜትር ብዙም አያሳስብም፤ 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በተለይ ከደማ፣ እርስዎን ፍለጋ ከድድ በታች እስከ ጥርሱ ሥር ይወረዳል። ጉዳቱ ከድድ መቆጣት ካላለፈ፣ ጸድቶ ይድናል። የጠፋው አጥንት ግን በአብዛኛው አይመለስም፤ ያኔ የቀረውን ማትረፍ ነው። በነገራችን ላይ፣ አፍ መጉመጥመጫው አያስደንግጥዎ፤ እሱ ሽታዎን ለጊዜው ቢሸፍንልዎ እንጂ አያስወጣዎትም።

ለልጅነትዎ፣ ለፕላክም ማከራየት አቁመናል። በቀን 2 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 2 ደቂቃ፣ ለስላሳ ብሩሽ ድዱ ዳር ድረስ። ብሩሽ በማይገባበት በጥርሶች መካከል ደግሞ ክር።

ከሰላምታ ጋር
የጥርሶቹ ባለቤት (ለጊዜው)

ግልባጭ፦
ለጥርስ ሐኪም
ለጥርስ ክር፣ ማሸጊያው ሳይከፈት መሳቢያ ውስጥ ላለው