ይድረስ ለ«1 ክፍል ብቻ ቀርቷል!»

ለተከበሩ ቀይ ጽሑፍ፣
በሆቴል ማስያዣው ድረ ገጽ፣ ከሆቴሉ ፎቶ ሥር፣ ከዋጋው ጎን፣
ባሉበት።

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከድካም በቀር ደህና ነን። ናፍቀውኛል እንዳልልዎ ፋታ አልሰጡኝም። ከፋሲካ ወዲህ ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር እየተገናኘን ነው።

ራሴን ላስተዋውቅ አልኩና ተውኩት። የት እንደምኖር፣ ስንት ልጅ እንዳለኝ፣ ማታ በስንት ሰዓት ዓይኔ እንደሚከብድ እርስዎ ያውቃሉ። ለአንባቢ ብቻ ልንገር። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። እኔ መጋዘን እሠራለሁ፣ ባለቤቴ አረጋውያን መጦሪያ። ዘንድሮ ከስንት ዓመት በኋላ «ልጆቹን ባሕር እናሳያቸው» ተባለ። ጀርመን አገር ባሕር ሲባል ደግሞ ግማሹ ሰው የቱርኳን አንታልያ ማለቱ ነው። የላይኛው ፎቅ ሴትዮ እዚያ ናት፣ አለቃዬ እዚያ ነው፣ የልጄ አስተማሪ እዚያ ናት። እኛም ከሽቱትጋርቷ እህቴ፣ ከኮሎኙ የባለቤቴ ወንድምና ከለንደኑ ጓደኛዬ ጋር ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈትን። ሲዴ እንሂድ ተባለ፤ ያቺ የአፖሎ ቤተ መቅደስ ዓምዶች ባሕሩ አፍ ላይ የቆሙባት ከተማ። ሆቴል የመፈለጉን ሥራ ማን ወሰደው? እኔ። «ለኔ ተዉት» ብዬ።

ማክሰኞ ማታ ነው። ልጆቹ ተኝተዋል። ባለቤቴ የሌሊት ፈረቃ ገብታለች። ሻዬን ይዤ ኩሽና ተቀመጥኩና ያንን ሆቴል ከፈትኩት። ልየው ብዬ ነው። በእውነት፣ ልየው ብቻ ብዬ።

እርስዎ ብቅ አሉ። «በዚህ ዋጋ 1 ክፍል ብቻ ቀርቷል!» ቃለ አጋኖው የእርስዎ ነው። ከሥርዎ ወንድምዎ፦ «23 ሰዎች አሁን ይህን ሆቴል እያዩ ነው»። ከእሱ ሥር ታናሽ እህታችሁ፦ «ለመጨረሻ ጊዜ የተያዘው ከ4 ደቂቃ በፊት ነው»። ቤተዘመዱ በሙሉ መጣብኝ። 23ቱን ሰዎች ቁልጭ አድርጌ አየኋቸው። ሁሉም ካርዳቸውን መዘው ቆመዋል። አንዷ የላይኛው ፎቅ ሴትዮ እንደሆነች ቅንጣት አልተጠራጠርኩም።

ተጫንኩት። ሰዓት ቆጣሪ መጣ፦ 14፡59።

ከዚያ ፎርሙ። የቤተሰብ ስም ይላል። ይህን እናንተ አንባቢዎች ሁላችሁም ሞልታችሁታልና አላስረዳም። የእኔ በአያቴ ስም ነው፣ የባለቤቴ በአባቷ፣ አዲስ አበባ የተወለደችው ትልቋ ልጅ በእኔ ስም፣ እዚህ የተወለደው ትንሹ እንደገና በአያቴ። አንድ ቤት፣ ሦስት የቤተሰብ ስም። ድረ ገጹ ቆም አለና «የተጓዦቹ የቤተሰብ ስም ይለያያል። እርግጠኛ ነዎት?» አለኝ። ከ11 ዓመት ትዳር በኋላ! አዎ አልኩት። 9፡20።

የእኔ ካርድ አልበቃም። የባለቤቴን አስገባሁ። የባንኩ ኮድ ደግሞ የሚሄደው በእሷ ስልክ ነው። ደወልኩላት። አንድ አዛውንት ከጎን ወደ ጎን እያገላበጠች ነበር። ያነሳችው በሦስተኛው ጥሪ ነው። «ልጆቹ ምን ሆኑ?» አለች፤ ድምፅዋ ተቆርጦ። «ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ኮዱን ላኪልኝ፣ አንድ ክፍል ነው የቀረው!» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። «ቆይ፣ ጓንቴን ላውልቅ።»

ኮዱ ሲመጣ 2፡10 ይላል። ስጽፈው እጄ ተንቀጠቀጠና አንዱን ቁጥር ሳትኩ። እንደገና። 0፡48 ሲል ከፈልኩ። 3,140 ዩሮ። ገንዘቡ አይመለስም። የሚመለሰው ዓይነት ዝቅ ብሎ ነበር አሉ፤ ዝቅ ብዬ የማይበት ጊዜ የት ነበረኝ?

ወዲያው ግሩፑ ላይ ጻፍኩ፦ «ያዝኳት! የመጨረሻዋን!» ጭብጨባው ዘነበ። ጀግና ተባልኩ፣ አንበሳ ተባልኩ። እህቴ «እኛስ?» አለች። «ለናንተ ሌላ እንፈልጋለን፣ አይዞሽ» አልኳት። ይህችን እባክዎ ይያዙልኝ። «አይዞሽ» አልኳት።

ጠዋት እህቴ ቡናዋን ጠጥታ፣ ስኒዋን አጥባ፣ ቀስ ብላ ያንኑ ሆቴል ከፈተች። ያው ሳምንት፣ ያው ዓይነት ክፍል፣ እንደኛው ሁለት አዋቂና ሁለት ልጅ። 2,860 ዩሮ። ጉዞው 14 ቀን እስኪቀረው ድረስ በነፃ ይሰረዛል። ስክሪንሾቱን ላከችው። ከላዩ ላይ እርስዎ ተጎልተዋል፦ «1 ክፍል ብቻ ቀርቷል!» አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከኮሎኝ መጣ፦ 1 ክፍል ብቻ ቀርቷል። ምሳ ላይ ከለንደን፣ በፓውንድ፦ 1 ክፍል ብቻ። የባለቤቴ ወንድም «አራታችንም አንድ ክፍል ነን እንዴ? ፍራሽ እንያዝ?» ብሎ ጻፈ። እህቴ የጻፈችው ሁለት ቃል ነው። «ወንድምዬ፣ አይዞህ።»

ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ ኮቷን ሳታወልቅ ግሩፑን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ጓንቴን ያወለቅኩት ለዚህ ነው?» አለችና ልትተኛ ገባች።

ስልክ ደወልኩ እንጂ፣ ዝም አላልኩም። 38 ደቂቃ ሙዚቃ አዳመጥኩ። በመጨረሻ አንድ በጣም ትሑት ልጅ አነሳና «ጌታዬ፣ ጽሑፉ እኮ በዚህ ዋጋ ነው የሚለው» አለኝ። በዚህ ዋጋ። ማለትም በእኔ ዋጋ የቀረው የእኔው ክፍል ብቻ ነበር። በሌላ ዋጋ ክፍሉ እንደ ጉድ ነው።

አሁን «እርስዎ» ማለቱ ይብቃኝ። ስማ፣ አንተ።

እኔ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። ሸማቾች ሱቅ ስኳር ገባ ሲባል፣ ሰልፉ ላይ ድንጋይ አስቀምጠን ወረፋ የያዝን ልጆች ነን። እናቴ ለዘይት ጄሪካን አስይዛኝ ጎህ ሳይቀድ ቆሜያለሁ። ከፊቴ ሦስት ሰው ሲቀር መስኮቱ ተከርችሞ «አልቋል» መባልን አውቀዋለሁ። ባዶ ጄሪካን ይዞ ቤት መመለስን፣ እናት ምንም ሳትል ጄሪካኑን ስትቀበል ማየትን። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው «ሊያልቅ ነው» ማስታወቂያ አይደለም። ጭንቅላቴ ሳይሰማው እግሬ ይሮጣል። የሸማቾቹ ሠራተኛ ቢያንስ አልቋል ሲል አልቆ ነበር። (እሺ፣ አብዛኛውን ጊዜ።) አንተ ግን ያላለቀውን ነው ሊያልቅ ነው የምትለው። አንዲት ሴት ሌሊት ላይ ልጆቼ ሞቱ ብላ እንድትደነግጥ አደረግክ፣ ለመዋኛ ገንዳ! 3,140 ዩሮ ስንት ሌሊት እንደሆነ ቆጥሬዋለሁ። ቁጥሩን ለአንተ አልነግርም።

ይቅርታ፤ ከመስመር ወጣሁ። ወደ እርስዎ ልመለስ።

በንዴት እንቅልፍ ሲያጣኝ ስለ እርስዎ አነበብኩ። ፋይል አለብዎት ለካ። እ.ኤ.አ. በ2019 የእንግሊዝ የውድድርና የገበያ ባለሥልጣን ስድስት የሆቴል ማስያዣ ድረ ገጾችን ሰውን በሐሰት አታጣድፉ ብሎ ቃል አስገብቷቸዋል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ የአውሮፓ ኮሚሽን አንዱን ትልቅ ድረ ገጽ፣ የመጨረሻ ክፍል ስትል በአንተ ገጽ ላይ የቀረውን ብቻ ማለትህ እንደሆነ በግልጽ ጻፍ ብሎታል። እርስዎም ሕግ አክባሪ ነዎትና ጽፈዋል። «በገጻችን ላይ» የምትለዋን፣ ግራጫ አድርገው፣ የጉንዳን እግር በሚያህል ፊደል።

የቆየ ቂም ደግሞ አለኝ፤ አላበዛውም። «ከ399 ዩሮ ጀምሮ»፦ በዚህ ዋጋ ሄዶ የተመለሰ ሰው ካለ ፎቶውን አሳዩኝ። «ከባሕሩ 50 ሜትር»፦ ጓደኛዬ አምና አላንያ አጠገብ እንዲህ ተብሎ ሄዶ፣ በሆቴሉና በባሕሩ መካከል አውራ ጎዳና ተኝቶ አገኘው። ሳምንቱን ሙሉ ፎጣና የጎማ ዳክዬ ተሸክሞ በመንገዱ ሥር ባለው መሿለኪያ ሲመላለስ ከረመ። «የጎን የባሕር እይታ» የሚሉት ደግሞ ሰገነት ላይ ወንበር አቁመህ፣ ወንበሩ ላይ ወጥተህ፣ አንገትህን ወደ ግራ ስታጣምም የምትታይ ሰማያዊ ክር ናት። እዚሁ ፍራንክፈርት ያለው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለተበላሸ ጉዞ የቅናሽ ሠንጠረዥ አውጥቶ ነበር፤ ባሕር ይታያል ተብሎ ካልታየ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይላል። በእህቱ ፊት ለተዋረደ ወንድም ስንት እንደሆነ ብፈልግ አጣሁ።

ቪዛውም አለ። እኔና ልጆቹ በጀርመን መታወቂያችን ብቻ ቱርክ እንገባለን። ባለቤቴ በኢትዮጵያ ፓስፖርቷ ቪዛ ያስፈልጋታል። ይህን ማክሰኞ ማታ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ግን 23 ሰዎች እያዩ ነበር።

ቀኑስ? የእኛው ክልል፣ የሄሰን፣ ተማሪዎች ዕረፍት ሊያበቃ ሲል ነው የሽቱትጋርቶቹ የሚጀምረው። ሁላችንን የሚያገናኘን የነሐሴ መግቢያ ብቻ ነው። ይኸውልዎ ፍልሰታ። «ሁሉም ተካቷል» ብዬ የሰባት ሌሊት ሥጋ፣ ዓሣና አይስክሬም ከፍዬ፣ አብዛኛውን ቀን ከምስር ሾርባውና ከወይራው ጋር ልፋጠጥ ነው። የመዋኛ ገንዳ ጥልቀት መምረጫ አለዎት፣ የትራስ ዓይነት መምረጫ አለዎት። ጾም መምረጫ የለዎትም።

ብቸኛዋ ደስተኛ እናቴ ናት። በአማርኛ የተተረጎሙ የቱርክ ድራማዎችን ዓመታት ስለተከታተለች አገሩን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። «ያ ውሃው ሳሎኑን የሚነካው ቤት ውስጥ ነው የምታርፉት?» አለችኝ። ያ ኢስታንቡል ነው እማዬ፣ የሀብታም ቤት ነው ልላት አልኩና አሳዘነችኝ። «እሱን የመሰለ ነው» አልኳት። እርስዎ ካስተማሩኝ ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

ይህን ደብዳቤ ልቋጭ ስል፣ ለመጨረሻ ጊዜ ብዬ ያንን ሆቴል ከፈትኩት። እኛ ገብተናል፣ ሽቱትጋርት ገብታለች፣ ኮሎኝ ገብቷል፣ ለንደን ገብቷል። ምን ቢል ጥሩ ነው? «በዚህ ዋጋ 2 ክፍሎች ብቻ ቀርተዋል!»

ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። ከማክሰኞ ወዲህ ሳቅ ስትል ያየኋት ያኔ ነው። «ወልዳለች በላ» አለች።

እንኳን ማርያም ማረችዎ።

አክባሪዎ፣
የመጨረሻዋ ክፍል ባለቤት (ከአራቱ አንዱ)