ስኳሩ ለብቻ ይምጣልን

«አቦ፣ ጣፋጭ የሚወድ ሰው ክብደት መቀነስ አይሆንለትም። ወይ ሙሸበኩን ተው፣ ወይ ሩጫውን ተውና አርፈህ ተቀመጥ።» ይህን ያለኝ እሑድ እሑድ ጠዋት በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አብሮኝ የሚሮጥ ወዳጄ ነው። ያን ዕለት መልስ አልሰጠሁትም። ነገሩ ግን ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ሰነበተ፤ እኔም በዚሁ እምነት ኖሬ ብዙ ነገር አጥቼበታለሁና። ዛሬ መልሴ ይህ ነው፦ እኛን ድሬዎችን በሳህን ተቆርሶ ከሚቀርብልን ጣፋጭ ይልቅ የሚያወፍረን፣ ሳንጠይቅ ከብርጭቆ ሥር ተኝቶ የሚመጣው ስኳር ነው። ሙሸበኩም ይቆይ፣ ሩጫውም ይቆይ። ስኳሩ ግን ለብቻው ይቅረብልን።

የራሴን ላውጋችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ አርባን ከተሻገርኩ በኋላ፣ ሚዛን ላይ ስወጣ 91 ኪሎ ነበርኩ። ለሌላ ጉዳይ በሄድኩበት ምርመራ ስለ ደም ስኳሬ «ገና በሽታ አልሆነም፤ ግን ጠርዝ ላይ ነህ» ተባልኩ። አባቴ በስኳር በሽታ ሳቢያ እግሩ ቆስሎ ለዓመታት ሲሰቃይ ያስታመምኩት እኔ ነኝ፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በሳምንቱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እየተነሳሁ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ተነስቼ በከዚራ ጎዳናዎች መሮጥ ጀመርኩ። ለምን በዚያ ሰዓት ብሎ የሚጠይቀኝ የድሬ ሰው አይኖርም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጠዋት 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ጎህ ሲቀድ ግን በኒሙና በድሬዳዋ ዛፉ ሥር የሚነፍሰው አየር ከሌላ አገር የመጣ ይመስላል።

ከሩጫው ጋር ጣፋጩን ሁሉ ተውኩ። ሐልዋ፣ ሙሸበክ፣ ባቅላባ፣ አንዱም አልቀረኝም። ይህ ለድሬ ልጅ ቀላል አይደለም። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ የመኑም፣ ህንዱም፣ ግሪኩም፣ አርመኑም ነግዶባታል፤ የሐልዋ ሽታ ከልጅነታችን ጋር አብሮን ያደገ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እማማ የምላቸው ጎረቤታችን በየዒዱ አንድ ሳህን ሐልዋ ይልኩልናል፤ እኛም ለፋሲካ ድፎ ዳቦ እንልካለን። በዚያ ዓመት ሳህኑን ሳልነካ መለስኩላቸው። እማማ በሩ ድረስ መጥተው «ልጄ፣ ምን አስቀየምኩህ?» አሉኝ። ያን ፊታቸውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አራት ወር ሮጬ፣ አራት ወር ከጣፋጭ ታቅቤ ሚዛን ላይ ስወጣ 90 ኪሎ ነበርኩ።

አንድ ምሽት በብስጭት ወረቀትና እስክሪብቶ አንስቼ ከጠዋት እስከ ማታ በአፌ የገባውን ሁሉ መጻፍ ያዝኩ። የምግቡን ገና ሳልጨርስ ሻዩ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ጠዋት አንድ፣ መሥሪያ ቤት ሁለት፣ ከምሳ በኋላ አንድ፣ ማታ አንድ። አምስት ብርጭቆ ሻይ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ ስኳር፣ በድምሩ 15 ማንኪያ። የሻይ ማንኪያ ተደልድሎ ሲለካ 4 ግራም ያህል ይይዛል፤ ሻይ የሚቀዱልን ሰዎች ደግሞ ደልድለው አይለኩም። ደልድለው ቢለኩ እንኳ 60 ግራም ነው። አንድ ግራም ስኳር 4 ካሎሪ አለው፤ ስለዚህ በየቀኑ 240 ካሎሪ፣ እንደ ጣፋጭ ሳልቆጥረው፣ ጣፋጭ በላሁ ብዬም ሳልደሰትበት ይገባል ማለት ነው። እንደ እኔ ያለ ሰው ይህን ለማቃጠል አንድ ሰዓት የማይሞላ ፈጣን እርምጃ ይበቃዋል። ጠዋት ሮጬ የማወጣው ከዚህ ብዙም አይበልጥም ነበር። በእግሬ ያወጣሁትን በብርጭቆ እየመለስኩ አራት ወር ከርሜያለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ የተጨመረ ስኳር ሰው በቀን ከሚያገኘው ጉልበት ከአንድ አሥረኛ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ 2,000 ካሎሪ ለሚበቃው ሰው ይህ 50 ግራም ነው። ከዚያም ወደ ግማሹ፣ ወደ 25 ግራም ቢወርድ ይበልጥ ይጠቅማል ይላል። ሻዬ ብቻውን የመጀመሪያውን ልክ አልፏል። ለጤና ብለን የምናወድሰው ማርም፣ የተጨመቀ የፍራፍሬ ጭማቂም በዚያው መመሪያ ከስኳር ጋር ይቆጠራሉ። ያልተጨመቀው ፍሬ አይቆጠርም።

በሚጠጣ ስኳር ላይ ለምን እንዲህ እንደማተኩር ልንገራችሁ። አንድ ቁራጭ ሙሸበክ ዱቄት ነው፣ ዘይት ነው፣ ሽሮፕ ነው፤ ቀላል ነገር ነው አልልም። ግን ይታኘካል፣ ጊዜ ይወስዳል፣ ሆድ ያውቀዋል። ሁለተኛውን ስትጨርስ ሦስተኛውን አንስተህ መልሰህ ታስቀምጣለህ። የሚጠጣው ስኳር እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ የለውም። ጉሮሮ ላይ ሳይቆም ያልፋል፤ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ጠጥቶ ምሳውን በዚያ ልክ የሚቀንስ ሰው ብዙ አላየሁም። 300 ሚሊ ሊትር በሚይዘው የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለ፤ ከሰባት ማንኪያ በላይ። ሻይ ላይ ሰባት ማንኪያ ቢደረግብን ብርጭቆውን እንመልሰው ነበር።

በድሬ ደግሞ ይህ ስኳር የሚገባበት የራሱ ሰዓት አለው። ከምሳ በኋላ ነው፣ በርጫ ሲያዝ። በጫት ላይ የራሴ አስተያየት አለኝ፤ ለዛሬ ይቆየኝና ሁላችንም የምናውቀውን ብቻ ልናገር። ጫቱ ይመራል፤ ምሬቱን ለመስበር ለስላሳ ይከፈታል፣ ቴርሞሱ ሙሉ ጣፋጭ ሻይ ይቀርባል፣ ኦቾሎኒው በሳህን ይዞራል፣ ስኳሩን በደረቁ የሚቅምም አለ። ጫት ረሃብን ስለሚያጠፋ «ያከሳል» ብለው የሚያምኑ ወዳጆች አሉኝ። አራት ሰዓት ተቀምጠው፣ ሁለት ጠርሙስና አራት ብርጭቆ ሻይ ገብቶ፣ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሎ በ5 ሰዓት እራት ሲበላ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግስቱ ይበልጥ እንደሚርበው፣ ጣፋጭም እንደሚያምረው የታወቀ ነው። በርጫው ላይ የሚቀመጥ ሰው ቢያንስ ከለስላሳው ጎን ውሃ ያድርግ። የቴርሞሱ ሻይም ያለ ስኳር ይቀዳና የፈለገ ይጨምርበት።

ጭማቂ ቤቶቻችንም እንዲሁ ናቸው። ማንጎው ከራሱ ማር የመሰለ ነው፤ ሆኖም በላዩ ሁለት ማንኪያ ስኳር ይጨመርበታል። «ያለ ስኳር» ካላልክ ማንም አይጠይቅህም። እኔ አሁን ቀፊራ ገበያ ስሄድ ዘይቱኑንና ፓፓያውን ገዝቼ ቤት ወስጄ እበላለሁ። ዘይቱን ከነፍሬው ሲታኘክ የሚሰጠውን ጥጋብ ጭማቂው አይሰጥም።

ወደ ሩጫው ልመለስ፤ እዚህ ላይ ብዙ ወጣቶች ሲሳሳቱ አያለሁና ያሳዝነኛል። በስፖርት ብቻ መክሳት ከባድ ነው። ይህን ስል ስፖርት አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። ጡንቻ ሲሠራ ከደም ውስጥ ስኳር እየሳበ ይጠቀማል፤ ልብ ይጠነክራል፤ እንቅልፍ ይመጣል፤ የቀነሰው ኪሎ ተመልሶ እንዳይመጣም ይይዛል። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ላብ ላብ የሚያሰኝ እንቅስቃሴ፣ ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመከራል፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ሚዛኑ ባይነቃነቅ እንኳ አትርፏል። ችግሩ ሩጫውን እንደ ዕዳ መክፈያ ስናየው ነው። «ዛሬ ሮጫለሁ፣ ይገባኛል» ብለን ሜዳው ዳር ካለው ኪዮስክ ቀዝቃዛ ለስላሳ እንጠጣለን። ሰባት ማንኪያው ገባ፤ ከሮጥንበት ግማሽ ሰዓት ትልቅ ድርሻ ይዞ ሄደ። ሌላው የሚያስፈራኝ በዚህ ሙቀት ጃኬት ደርበው፣ ከውስጥ ላስቲክ ጠቅልለው የሚሮጡት ናቸው። በላብ የሚወጣው ውሃ ነው፤ አንድ ሊትር ውሃ ስትጠጣ ኪሎው ይመለሳል። በድሬ ፀሐይ ይህን ማድረግ ሰውን እስከ መጣል ይደርሳል። እባካችሁ ተዉት።

ለእኔ ከሩጫውም በላይ የጠቀመኝ የማታው እርምጃ ነው። ከእራት በኋላ ሃያ ደቂቃ ያህል በእግር መሄድ ከምግብ በኋላ ወደ ላይ የሚወጣውን የደም ስኳር ያለዝባል። ባለቤቴና እኔ ከቤት ወጥተን ወደ ደቻቱ ድልድይ እንወርዳለን። በዚያ ሰዓት ነፋሱ መጥቷል፣ ሰዉ ሁሉ ደጅ ነው፣ ሰላምታው ብቻ ሃያውን ደቂቃ አርባ ያደርገዋል።

ሻዩን በአንድ ቀን መራራ አላደረግሁትም። ሦስቱን ማንኪያ ሁለት ተኩል አደረግሁት፤ በሁለት ሳምንቱ ሁለት፤ እንዲህ እያልኩ ግማሽ ማንኪያ ላይ ቆምኩ። ምላስ ይለምዳል። የቀረውን ስኳር የሚተካ ቅመም ደግሞ እኛ ጋ ሞልቷል፦ ሄሉ፣ ቀረፋው፣ ቅርንፉዱ። በሦስት ማንኪያ ስኳር ተሸፍኖ ሲኖር የሄሉን ጣዕም አላውቀውም ነበር ማለት እችላለሁ። ዛሬ ድሮ የምጠጣው ዓይነት ሻይ ሲሰጠኝ ሁለት ጊዜ ፉት ብዬ አስቀምጠዋለሁ። ከ240ው 200 ካሎሪ በየቀኑ ሲቀር በወረቀት ላይ በወር ሦስት ሩብ ኪሎ ያህል ስብ ይሆናል፤ ሰውነት እንደ ወረቀት አይታዘዝም፣ ያነሰም የዘገየም ነበር። ቢሆንም በዓመት ተኩል 82 ኪሎ ደረስኩ። ጣፋጩም ተመለሰ፦ በሳምንት አንድ ቀን፣ ዓርብ ማታ፣ ተቀምጠን፣ በሳህን አድርገን፣ ከልጆቼ ጋር። ቆሜ አልበላም፣ ሥራ ላይ ሆኜ አልበላም።

አንድ ነገር በግልጽ ላስቀምጥ። ይህ ሁሉ ኢንሱሊን ወይም የስኳር መድኃኒት ለሚወስድ ሰው የተነገረ አይደለም። ለእሱ በድንገት ስኳር መቀነስም፣ በባዶ ሆድ መሮጥም አደጋ ሊያመጣ ይችላል፤ የደም ስኳሩ ሲወርድ የሚያድነው ኪሱ ውስጥ ያለችው ከረሜላ ናት። እሱ ሐኪሙን ያማክር።

ሰው ምን ይለኛል የሚለው ጉዳይም ቀላል አይደለም። እኛ ጋ «ወፈርክ» ማለት ተመቸህ ማለት ነው። ስድስተኛውን ኪሎ ስቀንስ መንገድ ላይ «አቦ፣ ምን ነካህ? ተመርምረሃል?» ያላለኝ የለም፤ እህቴ ከሐረር ደውላ አልቅሳለች። ስኳር የሚያንስበትን ሻይ ለእንግዳ ማቅረብም እንደ ንፍገት ይታያል። ይህ ክፉ ሐሳብ አይደለም፤ ስኳር በወረፋ ይሸጥ በነበረበት ዘመን ማንኪያን ማብዛት ያለንን ሰስተን አለመያዛችንን ማሳያ ነበር። ደግነቱን አልጠላም። እንግዳን «ስንት ላድርግልህ?» ብሎ መጠየቅ ግን ደግነቱን ምን ያጎድለዋል? የሚወድ አራት ይበል። አባቴ ቢጠየቅ ኖሮ አንድ ይል ነበር፤ አልጠየቁትም፤ እሱም አፍሮ ይጠጣ ነበር።

ሻይ ቤቶችን የምለምነው ይህንኑ ነው። ስኳሩን በትንሽ ሳህን ከጎን አምጡልን። መጀመሪያ ይህን የጠየቅኳት ከመሥሪያ ቤቴ ጀርባ በጀበናና በቴርሞስ የምትሠራ ሴት ናት። «ሰው ነፈገችን ይለኛል» ብላ ፈራች። ለእኔ ብቻ ጀመረች፣ ከዚያ አጠገቤ ለተቀመጠው፣ ከዚያ ለሚጠይቋት ሁሉ። ባለፈው ወር ደግሞ ራሷ ነገረችኝ፦ በሳምንት ሦስት ኪሎ ስኳር ትገዛ የነበረችው አሁን ሁለት ኪሎ ይበቃታል፤ ከሳህኑ የሚመለሰውን መልሳ ታስቀምጠዋለች። በዛሬ የስኳር ዋጋ ይህ ለእሷ ትልቅ ነገር ነው።

የዘንድሮው ዒድ ሲደርስ የእማማ ሳህን እንደ ልማዱ መጣ። እዚያው በራቸው ላይ ቆሜ አንዱን ቁራጭ በልቼ ሳህኑን ይዤ ገባሁ፤ ማታ ከልጆቼ ጋር ጨረስነው። ሻዩን ያለ ስኳር አፈላሁ።